የውሃ ዓምድና የተጎዳ ሆድ



አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ከዚሁ ክፍለ ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሾፌር ከመሪ ጋር ይጋጫል፤ በሠራተኛ ላይ ጭነት ይወድቃል። ቆዳው ሳይቀደድ ጉበቱ ወይም ጣፊያው ሊሰነጠቅ ይችላል።

የመጀመሪያው አደጋ የሚፈሰው ደም ነው። ሁለተኛው ግን ደሙ ከቆመ፣ ቀዶ ሕክምናውም ካለቀ በኋላ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል። አንጀት ያብጣል፤ ነፍስን ለማዳን በደም ሥር የተሰጠው ብዙ ፈሳሽም እብጠቱን ያባብሰዋል። የሆድ ግድግዳ እስከ ተወሰነ ልክ ይለጠጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂት ፈሳሽ ሲጨመር ግፊቱ በብዙ ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ሽንት ያንሳል፤ ድያፍራምም ወደ ላይ ተገፍቶ ሳንባን ያጠባል።

ልምድ ያለው ሐኪም እንኳ ሆድን በመዳሰስ ብቻ ይህን ግፊት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያውቅ እንደማይችል ጥናቶች አሳይተዋል። አልትራሳውንድም የፈሰሰ ደምን ያሳያል እንጂ የግፊቱን ልክ አይነግርም።

መለኪያው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ የውሃ ዓምድ ነው። ክሮንና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የሆድን ግፊት በሽንት ፊኛ በኩል መለካት እንደሚቻል አስረዱ። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ በካቴተር ከ25 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ንጹሕ የጨው ውሃ ወደ ፊኛው ይገባል። ቱቦው ሽቅብ ተይዞ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ፣ የውሃው ከፍታ ከጎን መካከለኛ መስመር ጀምሮ ይነበባል። ቱቦው መታጠፍ፣ አየርም መያዝ የለበትም። ዳሌው የተሰበረ ወይም ፊኛው የተቀደደ ከሆነ ንባቡ ሊያሳስት ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻል።

አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 1.36 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው። በጽኑ በታመመ አዋቂ ሰው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። 12 ደርሶ ከዘለቀ፣ ማለትም ውሃው 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቆመ፣ ግፊቱ ከፍ ብሏል። ከ20 አልፎ፣ ማለት ከ27 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ሲዘልቅ፣ አንድ የአካል ክፍልም አዲስ ሥራ ማቆም ሲጀምር፣ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። ሐኪሞች ጨጓራን በቱቦ ያስተነፍሳሉ፤ የሆድን ጡንቻ ያላላሉ፤ ፈሳሽ ይመጥናሉ፤ ይህ ካልበቃ ሆዱን ከፍተው ለጊዜው ሳይሰፉ ያቆዩታል።

አንድ ንባብ ግን አይበቃም። በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ ተለክቶ ሲጻፍ የግፊቱ አካሄድ ይታያል፤ ሐኪሙም ኩላሊት ከመድከሙ በፊት ይደርሳል።

በአቃቂ ፋብሪካዎች የግፊት መለኪያ የሌለውን ቦይለር የሚያቀጣጥል አስተዋይ ባለሙያ የለም። ቦይለሩን ሲጠብቅ የዋለው ሠራተኛ ተጎድቶ በተኛ ጊዜ፣ የእርሱም ሆድ በመለኪያ ሊጠበቅ ይገባዋል።