ሾተላይ ነው ከማለታችን በፊት

ዛሬ የምንናገረው ደጋግሞ ጨንግፎብን፣ በመጨረሻ አንድ ልጅ ታቅፈን፣ አሁን ሌላ ስለምንመኘው ሴቶች ነው። «አንዱን ሰጥቶሽ፣ ደግሞ ምን ጎደለሽ?» እንባላለን። ማመስገኑም መመኘቱም እኮ አብረው ይኖራሉ።

በመንዝም በመርሐቤቴም የጨነገፈባትን ሁሉ «ሾተላይ አለባት» ይሏታል። ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት ግን የደም አለመስማማት ነው። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ሰውነቷ የፅንሱን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ሊያበጅ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዳው ተከታዩ ነው። ስለዚህ አንድ ጤነኛ ልጅ መውለዳችን ለሁለተኛው ዋስትና አይሆነንም። መርፌ አለው፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ፅንስ ሲጨነግፍም ሊያስፈልግ ስለሚችል እንጠይቅ። ሰውነት መከላከያውን አንዴ ካበጀ ግን መርፌው አይመልሰውም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጨነግፈው አብዛኛው ከሾተላይ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከፅንሱ አፈጣጠር ነው። እርግማንም የእኛ ጥፋትም አይደለም። እንቅርት ወይም ስኳር ያለባት ግን ለሐኪሙ ትንገር።

እንግዲህ ከማርገዛችን በፊት መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆስፒታል ሄደን ደማችንን እንታይ፤ ባሎቻችንም ይምጡ። ብቻዋን መሄድ የከበዳት ትንገረን፣ ከመካከላችን አንዷ አብራት ትሄዳለች።