«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት





እናቴ በመጨረሻ ዓመታቷ «ዐስር ሰገድክ ወይ?» እያለች በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ትጠይቀኝ ነበር። በአምስተኛው ተቆጣኋት። ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ቁጣዬ ተጸጽቼ ያነበብኩትን ነው።

መጃጀት የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ በሽታ ነው። ከነዚህ አንዱን ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ገልጾታል። በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ይከማቻሉ። ታዲያ ለምን ታጥበው አይወጡም?

አንጎላችን በንጹሕ ፈሳሽ የተከበበ ነው። መጠኑ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ገደማ እየመነጨ አሮጌው ይወገዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ማይከን ነደርጋርድና ባልደረቦቿ ፈሳሹ በደም ሥሮች ዳር እየገባ ቆሻሻውን እንደሚያጥብ በአይጦች ላይ አሳዩ። በ2013 ደግሞ እጥበቱ በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚበረታ ጻፉ። በ2024 ግን የለንደን ተመራማሪዎች ተቃራኒ ውጤት ስላወጡ ክርክሩ አልተዘጋም።

በሰው ላይስ እንዴት ይታያል? በኖርዌይ፣ ኦስሎ፣ ሐኪሞች ጋዶሊኒየም ያለበት ጥቂት መድኃኒት በወገብ በኩል ወደ ፈሳሹ ከወጉ በኋላ ጭንቅላትን በኤም አር አይ ደጋግመው ያነሣሉ። ቦይ ውስጥ ቀለም ጨምሮ የት እንደደረሰ እንደ መከታተል ነው። አንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ መርሳት በጀመሩ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ ዘግይቶ ሲወጣ ታየ። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናትም በፔት መሣሪያ ጥቂት የአልዛይመር ሕሙማንን መርምሮ የፈሳሹ መውጣት ከጤነኞቹ ይልቅ የቀነሰ መሆኑን አገኘ።

ወገኖቼ! ምስሉ ፈውስ አይደለም። የቦዩ መዘጋት በሽታውን ያመጣው፣ ወይስ በሽታው ቦዩን የዘጋው፣ ገና አልተለየም። «አንጎል አጥባለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ። ነገር ግን የሚረሳውን ሽማግሌ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ በፈሳሽ መጠራቀም ወይም በቫይታሚን እጥረት የመጣ መርሳት ሊታከም ይችላልና።

በመስጊዳችን ረከዓ የሚያምታቱ፣ የቤታቸው መንገድ የሚጠፋባቸው አባቶች አሉ። አጠገባቸው ቁሙ፤ እስከ በራቸው ሸኟቸው። አእምሮው የከዳው ሰው በሸሪዓችን ተጠያቂ አይደለም። ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።