ግምትና የሚፈጀው ሰዓት

የዛሬ ሥራችሁን በወረቀት ዘርዝራችሁ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚበላ አይነግራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት የካናዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንጨርሳለን ብለው ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነበር። በስልክ ካላንደር ላይ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ያለውን ለሪፖርት ብሎ ማጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ግምቱ በሰዓት ተጽፎ ስለሚቆይ፣ ሥራው ከፈጀው ጊዜ ጋር ታነጻጽሩታላችሁ። (ስልኩ ሦስት ሰዓትን 9:00 ሊል ይችላል፤ ቀጠሮ ስትልኩ ልብ በሉ።)

«አለቃዬ ድንገት ከጠራኝ ዕቅዱ ምን ዋጋ አለው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይፈርሳል። ግን የሪፖርቱን ሳጥን በጣት ጎትታችሁ ወደ ከሰዓት ስታዛውሩት፣ ከየትኛው ሥራ ጋር እንደሚጋጭ ወዲያው ይታያል። ለአለቃም «ይህን ልሥራ ወይስ ያንን?» ለማለት ማስረጃ ይሆናል።