የባቡር ነጂውን ድምፅ ወደ ራዲዮ ያስገባው ዘፋኝ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዘፋኝ ሲባል ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው በሠርግና በግብር ላይ ቆሞ ሰውን የሚያስደስት፥ ሲያወድስ የሚሸለም፥ ሲነቅፍ የሚፈራ ሰው ነው። ዛሬ ታሪኩን የምነግራችሁ እንግሊዛዊ ግን ዘፈንን እንደ ጋዜጣ፥ እንደ አቤቱታና እንደ ምስክር ቃል አድርጎ የሠራበት ሰው ነው። ስለዚህም በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደረው የአገሩ ራዲዮ ለድካሙ ዋጋ ሲከፍለው፥ የጸጥታው መሥሪያ ቤት ደግሞ በስሙ ፋይል ከፍቶ አካሄዱን ይከታተል ነበር። ይህ ሰው ኢዋን ማኮል ይባላል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ጄምስ ሄንሪ ሚለር ነው። የተወለደውም ጃንዋሪ 25 ቀን 1915 ዓ.ም. ከማንቸስተር ጋራ ድንበርተኛ በሆነችው በሳልፎርድ ከተማ ነው። አባቱ የቀለጠ ብረት በቅርጽ እያፈሰሰ የሚኖር የፋብሪካ ሠራተኛ፥ ከስኮትላንድ እንጀራ ፍለጋ የመጣ፥ የሠራተኞች ማኅበር ጽኑ ደጋፊ በመሆኑም ሥራ የማይበረክትለት ሰው ነበር። እናቱ ቤትና ቢሮ እየጠረገች ጓዳውን ትደጉም ነበር። ሁለቱም የስኮትላንድን የጥንት ዘፈን በቃላቸው ያውቁ ስለ ነበር፥ ልጁ ዘፈኑን የጠባው ከእናቱ ወተት ጋራ ነው ማለት ይቻላል። በ1930 ዓ.ም. ትምህርቱን ትቶ ሥራ ለመፈለግ ሲወጣ የተቀበለው ዓለምን ሁሉ የመታው የንግድ ድቀት ነበር። ሥራ ባጣ ቁጥር ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየገባ ያገኘውን ሁሉ ያነብ ጀመር፤ ዩኒቨርሲቲውም ይኸው ሆነ። በዚያው ዘመን የወጣት ኮሚኒስቶች ማኅበር አባል ሆነ።

የማንቸስተር ሠራተኛ እሑድ እሑድ ከፋብሪካው ጭስ ወጥቶ ንጹሕ አየር የሚተነፍስበት ተራራ ከከተማው ብዙም አይርቅም ነበር፤ ዳሩ ግን ከፍተኛው ቦታ ባለጸጎች ወፍ የሚያድኑበት በመሆኑ በዘበኛ ይጠበቅ ነበር። አፕሪል 24 ቀን 1932 ዓ.ም. ብዙ መቶ ወጣቶች ተሰብስበው ኪንደር ስካውት የሚባለውን ተራራ ያለ ፈቃድ ወጡት። ከዘበኞቹ ጋራ ግብግብ ሆነና አምስት ወጣቶች ከ2 እስከ 6 ወር እስራት ተፈረደባቸው። የ17 ዓመቱ ሚለር ሥራ ወሬውን ጽፎ ለጋዜጦች ማድረስ ነበር፤ ቀጥሎም ስለ እግረኛው ተራራ ወጪ አንድ ዘፈን ደረሰ። ይህ ዘፈን ዛሬም በእንግሊዝ ተራሮች ላይ ይሰማል። ያ አገር በ1951 ዓ.ም. የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ይህን ያደረገው ዘፈኑ ነው አልልም፤ ሕግ የሚወጣው በዘፈን አይደለምና። ነገር ግን እስረኞቹ ወንጀለኞች ሳይሆኑ ባለመብቶች ሆነው እንዲታወሱ ዘፈኑ የበኩሉን አድርጓል።

ስለ ትያትር ሥራው ባጭሩ ልለፍ። በመንገድ ዳርና በፋብሪካ በር ላይ ከሚጫወቱ ወጣቶች ጋራ ጀመረ፤ በ1934 ዓ.ም. ጆን ሊትልውድ የምትባለውን ስመ ጥር አዘጋጅ አግኝቶ አገባት፤ በ1945 ዓ.ም. ሁለቱ ከጓደኞቻቸው ጋራ «የትያትር መሥሪያ ቤት» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ ቡድን አቋቁመው ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። በመካከሉ ግን ስለ እርሱ የሚጽፉ ወዳጆቹ በችኮላ የሚያልፉት ነገር አለ። በ1940 ዓ.ም. ለጦር ሠራዊት ተመልምሎ ገብቶ፥ ጥቂት ወራት እንደ ቈየ ከሰፈሩ ጠፋ። እንግሊዝ ያን ጊዜ ከሂትለር ጋራ ለሕይወቷ ትዋጋ ነበር፤ የኮሚኒስት ፓርቲ ደግሞ ጦርነቱ የሠራተኛው ጦርነት አይደለም የሚልበት ጊዜ ነበር። ፓርቲው አሳቡን ከለወጠ በኋላም እርሱ አልተመለሰም። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ኢዋን ማኮል በሚል የስኮትላንድ ስም ብቅ አለ። ስለ ሌላው ድፍረት አብዝቶ የዘፈነ ሰው ስለዚህ ነገር ዝም ማለቱን እኔ እንደ ቀላል አላየውም።

በ1949 ዓ.ም. ስለ ሳልፎርድ በጻፈው ትያትር መካከል መጋረጃ ተዘግቶ ዕቃ እስኪቀየር ድረስ ተመልካቹ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ አንዲት መሙያ ዘፈን አስፈለገችው። በዚያ ምክንያት የደረሳት ዘፈን «ቈሻሻዋ አሮጌ ከተማ» ማለት የሆነውን ስም ይዛ ዓለምን ዞረች። የከተማዋ ሹማምንት እንዲህ መጠራታቸውን ስላልወደዱት በመጀመሪያው ግጥም ውስጥ የነበረው የከተማዋ ስም ወጥቶ በሌላ ቃል ተተካ ይባላል። ለዕቃ ማንሻ ጊዜ የተሠራችው ከትያትሩ ይልቅ ዕድሜ አገኘች።

በማርች 1950 ዓ.ም. ጢሞቲ ኤቫንስ የሚባል ወጣት ሕፃን ልጁን ገድሏል ተብሎ በሎንዶን ተሰቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የኤቫንስን ጠበኛ ምስክር የነበረው፥ በዚያው ቤት የሚኖረው ክሪስቲ የብዙ ሴቶች ገዳይ ሆኖ ተገኘና እርሱም ተሰቀለ። ማኮል ስለ ኤቫንስ የደረሰው ዘፈን ጠበቃ ከሚያቀርበው ክርክር የሚለየው አንድም ሕግ ባለመጥቀሱ ነው፤ የተሰቀለውን ሰው በስሙ እየጠራ ታሪኩን ከመታሰሩ እስከ ገመዱ ይተርካል። ግድያ በፈጸመ ሰው ላይ የሚፈረደው የሞት ቅጣት በ1965 ዓ.ም. ታገደ፤ ኤቫንስም በ1966 ዓ.ም. ምሕረት ተደረገለት፤ ለሟች ምን እንደሚጠቅም ግን አድማጭ ይፍረድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ ወደ ራዲዮ ሥራው ልምጣ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ጆን አክሰን የሚባል የባቡር ነጂ የዕቃ ባቡር ይዞ ሽቅብ ሲወጣ፥ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው የእንፋሎት ቧንቧ ተሰበረ። የፈላው እንፋሎት ነጂው የሚቆምበትን ክፍል ሞላው፤ ፍሬኑም አልያዝ አለ። አክሰን ከሰል የሚጨምረውን ረዳቱን «ውረድና የፉርጎዎቹን የእጅ ፍሬን ለመያዝ ሞክር» ብሎ አስወርዶ፥ ራሱ ግን እየተቃጠለ ከባቡሩ ጋራ ቀረ። ባቡሩ ጫፉን አልፎ ቍልቍለቱን ወረደና ቻፕል ኤን ለ ፍሪዝ በምትባል ጣቢያ አጠገብ ከፊቱ ከነበረ ሌላ ባቡር ጋራ ተጋጨ። አክሰንና የሌላው ባቡር ጠባቂ ሞቱ። ለአክሰን ከሞቱ በኋላ የጆርጅ መስቀል የሚባለው ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሰጠው።

በበርሚንግሃም የቢ.ቢ.ሲ. አዘጋጅ የነበረው ቻርልስ ፓርከር ይህን ታሪክ በዘፈን እንዲያዘጋጅለት ማኮልን ለመነው። በዚያ ጊዜ የነበረው ደንብ የታወቀ ነው፤ ደራሲው ወደ ሠራተኞቹ ሄዶ ይጠይቃል፥ ማስታወሻ ይይዛል፥ ከዚያ በኋላ የሚያምር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለተዋንያን ይሰጣል፤ ተዋናዩም የሠራተኛውን አነጋገር እየኮረጀ ያነበዋል። ማኮልና ፓርከር ግን ቴፕ መቅጃ ተሸክመው ወደ ባቡር ነጂዎቹና ወደ ሟቹ ሚስት ቤት ሄዱ። ተመልሰው ቴፑን ሲሰሙ ማኮል ተቸገረ። ጡረታ የወጣው ነጂ ስለ ባቡሩ ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል፥ ትንፋሹ፥ ቆም የሚልበት ቦታ፥ ይህ ሁሉ ደራሲ በወረቀት ሊጽፈው ከሚችለው የበለጠ ነበር። ስለዚህ ተዋንያኑን ትተው የሰዎቹን የራሳቸውን ድምፅ አስገቡ፤ ዘፈኑንም ከንግግሩ ጋራ እንዲያያዝ አድርገው ሠሩት። የሙዚቃውን ዝግጅት የያዘችው በ1956 ዓ.ም. የተዋወቃት አሜሪካዊት ዘፋኝ ፔጊ ሲገር ናት። ቴፑን በምላጭ እየቈረጡ መቀጠል የፓርከር ድካም ነበር። «የጆን አክሰን ባላድ» ጁላይ 2 ቀን 1958 ዓ.ም. ለአድማጭ ቀረበ።

በራዲዮ ለሚሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ነበር ማስረዳት አያስቸግርም። እስከዚያ ድረስ ማይክሮፎን የተማረ ሰው ንብረት ነበር፤ ሠራተኛው ይነገርለታል እንጂ አይናገርም። እኛም ብንሆን በየመሥሪያ ቤቱ ባለጕዳዩ የተናገረውን ወደ ጽሕፈት ቤት አማርኛ መልሰን ስንጽፍ፥ ከነገሩ ውስጥ ምን ያህሉ ከመንገድ እንደሚቀር የምናውቅ እናውቀዋለን።

ከዚያ ወዲያ እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ ጠቅላላው ስምንት ባላዶች ተሠሩ። ስለ አዲስ አውራ ጎዳና ሠራተኞች፥ ስለ ድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች፥ ፖሊዮ ስለ ጣላቸው ሕሙማን፥ ስለ ወጣቶች፥ ስለ ቦክሰኞች የተሠሩት በዚህ ውስጥ ናቸው። ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ስለሚያጠምዱ ሰዎች የተሠራው በ1960 ዓ.ም. የኢጣልያን የራዲዮ ሽልማት አገኘ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደነግጠኝ የመጨረሻው ነው። ይህ ስለ ጂፕሲዎችና በጋሪና በድንኳን እየተዘዋወሩ ስለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ ነው። ዘላኖቹ ፖሊስ በሌሊት እንዴት እንደሚያስነሣቸው፥ ልጅ በመንገድ ዳር እንዴት እንደሚወለድ ራሳቸው ይናገራሉ። በመደምደሚያው ላይ ግን የአንድ ትልቅ ከተማ የምክር ቤት አባል ይጠየቃል። ሰውየው በለዘበ ድምፅ፥ ከነዚህ ሰዎች መካከል ምንም ሊደረግላቸው የማይቻል እንዳሉ ያስረዳና፥ እንዲህ ያሉትን ማጥፋት ሳያስፈልግ አይቀርም ይላል። ጠያቂው ደንግጦ፥ ማጥፋት የሚለው ቃል ከባድ መሆኑን ሲያመለክተው፥ ሰውየው ለምን አይሆንም ብሎ ይመልሳል። ፕሮግራሙም በዚህ ያበቃል። ዘፈን አይከተለውም፤ ማኮል ይህን በዘፈን ሊያሻሽለው እንደማይችል ያወቀ ይመስለኛል። የሚያስፈራውም የሰውየው ጭካኔ አይደለም፤ ስለ ውሃ ቧንቧ ወይም ስለ ቆሻሻ ማንሻ እንደሚናገር ሆኖ መናገሩ ነው። ከዚህ ፕሮግራም በኋላ ቢ.ቢ.ሲ. የወጪውን ብዛት ምክንያት አድርጎ ባላዶቹን አቆመ።

ማኮል በክበቡ ውስጥ ገዥ ነበር። ወንበሩን ገልብጦ እንደ በቅሎ ይቀመጥበትና አንድ እጁን በጆሮው ላይ አድርጎ ይዘፍን ነበር። በሎንዶን ባቋቋመው የዘፋኞች ክበብ፥ ማንም ሰው በመድረክ ላይ ከራሱ አገርና ቋንቋ ውጭ የሆነ ዘፈን እንዳይዘፍን ደንብ አወጣ። የእንግሊዝ ወጣት የአሜሪካን ጥቍሮች ዘፈን እየኮረጀ የራሱን ረስቷል የሚል ነው ምክንያቱ፤ ምክንያቱስ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ሳልፎርድ የተወለደው ሰው የወላጆቹን የስኮትላንድ አነጋገር ይዞ ሲዘፍን ደንቡን ለራሱ ሰፋ አድርጎ እንደ ተረጐመው የታዘቡ አልጠፉም። ቦብ ዲለንንም በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ መጽሔት ላይ ክፉኛ ነቀፈው። ለስታሊንም የውዳሴ ዘፈን ደርሷል። የአንድ እስረኛን በደል በሎንዶን አይቶ የዘፈነ ሰው፥ በሞስኮ የነበሩትን ብዙ እስረኞች ሳያይ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ስለ አክሰን ሲዘፍን ሰዎቹን አስቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ ስለ ስታሊን ሲዘፍን ግን የሰማው ፓርቲውን ብቻ ነው።

ትልቁን ገንዘብ ያመጣለት ደግሞ ምንም ፖለቲካ የሌለበት ዘፈን ነው። በ1957 ዓ.ም. ፔጊ ሲገር በአሜሪካ ሳለች ለምትሠራበት ትያትር አንድ የፍቅር ዘፈን ስላስፈለጋት በስልክ ጠየቀችው፤ እርሱም ፊቷን መጀመሪያ ስላየባት ሰዓት ዘፈን ደርሶ በዚያው በስልክ አስተማራት። ሮቤርታ ፍላክ የምትባለው አሜሪካዊት ዘፋኝ በ1969 ዓ.ም. በሸክላ ቀዳችው፤ በኋላም በ1971 ዓ.ም. በአንድ ሲኒማ ውስጥ ተሰማና፥ በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ ለስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በ1973 ዓ.ም. የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ ግራሚ የሚባለውን ሽልማት አገኘ። ማኮል ግን ሌሎች ሰዎች ይህን ዘፈን ሲዘፍኑት መስማት አይወድም ነበር ይባላል።

በ1984 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች ዓመት የፈጀውን የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርጉ፥ የ69 ዓመቱ ሽማግሌ እንደ ገና ብዕሩን አንሥቶ ዘፈን ይደርስላቸው ጀመር። አድማው ተሸነፈ። ማኮል ኦክቶበር 22 ቀን 1989 ዓ.ም. ሞተ፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት መጽሐፍ በማግሥቱ ዓመት ታተመ። የጸጥታው መሥሪያ ቤት የያዘበት ፋይልም በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ።

ዘፈኖቹ ግን ብዙዎቹ ስሙን ጥለው ሄደዋል። ስለ ሳልፎርድ የደረሳትን ዘፈን የአየርላንድ ዘፋኞች ስላስፋፏት የደብሊን ዘፈን የምትመስለው ሰው ብዙ ነው። የዓሣ አጥማጆቹን ዘፈን የሠራው ሳም ላርነር ከሚባል፥ ዕድሜው ከ80 ካለፈ የኖርፎክ ዓሣ አጥማጅ አንደበት ቃሉን እየለቀመ ነው። ዘፈኑ አልቆ ማኮል ለሽማግሌው ሲዘፍንለት፥ ሳም ላርነር በጣም ተደስቶ፥ ይህን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ አለ ይባላል።