ከአመድ የሚገኝ የውኃ ማጣሪያ
(በገለምሶ ከተማ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለእርዳታ ድርጅቶች ተወካዮች የተደረገ ንግግር)



ድርቅ በደረሰበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ሲወጣ ሕዝቡ እልል ይላል፤ እኛም ሥራው ተፈጸመ ብለን ሪፖርት እናቀርባለን። ሆኖም ኩልል ብሎ የሚወርድ ውኃ ሁሉ ጤናማ አይደለም። አርሴኒክ የተባለው መርዝ በውኃ ውስጥ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ማፍላትም አያስወግደውም።

ለዚህ ምስክሯ ባንግላዴሽ ናት። ሕዝቡን ከኩሬ ውኃ በሽታ ለማዳን ሲባል ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ1993 በጉድጓዶቹ ውስጥ አርሴኒክ ተገኘ። በ2000 የዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ባወጣው ግምት ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ለአደጋው ተጋልጦ ነበር። አሳቡ በጎ ነበር፤ የጎደለው ምርመራ ነው።

በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ጥርስን የሚያበልዘውና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎራይድ ከታወቀ ቆይቷል። በአንዳንዶቹም ከተፈቀደው መጠን፣ ማለትም በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ የሆነ አርሴኒክ ተገኝቷል። ከጨርጨር ደጋ ወደ ሚኤሶ ቆላ ስንወርድ የምንገባው ወደዚሁ ሸለቆ ነው። ይህ ማለት በሚኤሶ አርሴኒክ አለ ማለት አይደለም፤ ሳይመረመር የለም ማለትም አይቻልም።

መርዙ ከተገኘ ምን ይደረጋል? በአሜሪካ የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ በአሾክ ጋድጊል የሚመራ ቡድን ለባንግላዴሽ አንድ ዘዴ አዘጋጅቷል። ከድንጋይ ከሰል ምድጃ ሥር የሚጣለውን ደቃቅ አመድ በብረት ዝገት ይለብጡታል። አመዱን ከውኃው ጋር ሲያማስሉት አርሴኒኩ በዝገቱ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያም ውኃው ይጠልላል። አመዱ ተሸካሚ ነው፤ መርዙን የሚይዘው ዝገቱ ነው።

ስለዚህ ከጓዳ ምድጃ አመድ ዘግኖ በእንስራ ውስጥ መበተን መፍትሔ አይሆንም። የእንጨት አመድ የውኃውን አልካላይነት ስለሚጨምር የዝገቱን የመያዝ ኃይል ያዳክማል። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ረጲ እንደተመረቀው ባለ ጣቢያ የከተማ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚቀረው አመድም ራሱ እርሳስና ሌሎች ብረቶችን ሊይዝ ይችላል። ማንኛውም አመድ በቤተ ሙከራ ሳይፈተን ከመጠጥ ውኃ ጋር መገናኘት የለበትም። ሥራውን የጨረሰው አመድም መርዝ ተሸክሟልና ወንዝ ዳር አይደፋም።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤ በ1996 ዓ.ም. ከሐረርጌ ተነሥተው በኢሉባቦር ጨዋቃ የሰፈሩትን ወገኖቻችንን እናስታውስ። ሰፋሪ አያቶቹ የሚያውቁትን ምንጭ ትቶ የሚሄድ ሰው ነው፤ የሚጠጣው እኛ የምናሳየውን ውኃ ነው። እንግዲህ ማንኛውም ጉድጓድ ለሕዝብ ከመሰጠቱ በፊት የአርሴኒክና የፍሎራይድ ምርመራው ውጤት ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ። ማጣሪያ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የምርመራው ወጪ ከሕክምናው ወጪ እጅግ ያነሰ ነው።