ስለ ዓይን ልገሳና ስለ ሟች ቃል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተፈቀደልኝ ሰው ከሞተ በኋላ ዓይኑን ለዓይነ ስውር ስለ መስጠት ነው። «ይኼ ደግሞ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። መገናኘቱን ኋላ እገልጻለሁ።

የሚለገሰው ከዓይን ፊት ያለው፣ እንደ መስተዋት የጠራው ስስ ክፍል ነው፤ ብሌን ይሉታል። ይኸው ክፍል በትራኮማ ወይም በአደጋ ጠባሳ ሲይዝ ብርሃን አያሳልፍም። ያን ጊዜ ሐኪም የተበላሸውን አንስቶ ከሟች የተገኘውን ይተካል። ሥራው አዲስ አይደለም፤ በውጭ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በ1905 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአገራችንም የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር ኩላሊት የሰጡት በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ዓይን ግን የሚሰጠው ከሞት በኋላ ስለሆነ ሰጪው የሚቸገርበት ነገር የለም። የአንድ ሰው ዓይን ለ2 ሰው ሊደርስ ይችላል። ሽምግልናም ሆነ መነጽር ማድረግ አይከለክልም።

«አካሉ ጎድሎ በትንሣኤ ዕለት እንዴት ይነሣል?» የሚሉ አሉ። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቁት አባቶቻችን አካላቸው ተሟልቶ ተቀበረ እንዴ? እነሱን የማይረሳ አምላክ ዓይኑን ለወንድሙ የሰጠውን ይረሳል ብዬ አላምንም። «ይሸጡታል» ለሚሉም፣ ስጦታ እንጂ ሸቀጥ አይደለም፤ ሳይፈቀድ የሚወሰድ ከሆነማ ዘረፋ ነው፤ እኔም እቃወማለሁ። የሟችም መልክ አይበላሽም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አባላችን ዓይናቸውን ለመስጠት የፈረሙበትን ካርድ አሳይተውኝ፣ «አንተ ጸሐፊ ነህና እወቅልኝ» አሉኝ። ያረፉት ሌሊት ነው። ድንኳን ስናስተክል ካርዱ ትዝ አለኝ። ብሌኑ ቶሎ፣ በተቻለ መጠን በ6 ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት። ነገር ግን ልጆቻቸው ደረታቸውን ሲደቁ እያየሁ ምን ብዬ ልናገር? ምን ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ከሰልስት በኋላ ለበኩር ልጃቸው ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ? የአባቴን ቃል መቼ እምቢ እል ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሕዝቡ አይቀበለውም» እያልን እናወራለን፤ እኔ ግን ሕዝቡን መቼ ጠየቅሁ? ይሉኝታዬ ነው የ2 ሰው ብርሃን ያስቀረው።

ስለዚህ 3 ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የፈረመ አባል በሕይወት ሳለ ለቤተሰቡ ይንገር። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ከሆነ በዕድሩ መዝገብ በስሙ አንጻር ይጻፍለት። ሦስተኛ፣ መርዶ ሲመጣ ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት ተረኛው መዝገቡን አይቶ ለቤተሰቡ በለሆሳስ ያስታውስ። እምቢ ካሉ አንጣላም፤ ኀዘንተኛ አይገደድም። ያልፈረመም አይወቀስም።

ዕድር አፈር ማልበስ ብቻ አይደለም፤ የሟችን ቃል መጠበቅም ነው። እኔ ፈርሜአለሁ፤ ለልጆቼም ነግሬአለሁ። የኔ ቀን ሲደርስ አደራ፣ እናንተ ዝም አትበሉ።