ስለ ጉልበታችንና ስለ ማዕዳችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አምና በክረምት አንድ አንጋፋ አባላችንን ስንቀብር፣ አስከሬኑን ተከትለን እስከ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቃተን ሽማግሎች ጥቂት አልነበርንም። ከድንኳኑ ሳንነሣ ቀረን። ዕድር ማለት እኮ ወዳጅን እስከ መቃብር መሸኘት ነው! ስለ ጉልበታችን ለመናገር የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐኪሞች አይደለንም፤ ከሐኪም የሰማነውንና በገዛ ጉልበታችን ያየነውን ነው የምንነግራችሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። በእኛ ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ይባላል። ሪህ ግን በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በድንገት ያሳብጣል፤ ሥጋና ቢራም ያባብሱታል። የእኛ የሽማግሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ይኸውም በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ደረጃ ስንወጣ፣ ከበርጩማ ስንነሣ ያመናል፤ ጧት ይገትረናል፤ ጥቂት ስንንቀሳቀስ ይለቀናል።

ታዲያ በምግብ ይድናል ወይ? የሳሳውን ሽፋን መልሶ የሚያበቅል ምግብ የለም፤ የቅልጥም መረቅም ቢሆን። ምግብ የሚረዳን ክብደት በመቀነስ ነው። 1 ኪሎ ስንቀንስ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ይቀላል። 5 ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው 20 ኪሎ አወረደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ክብደት የበዛባቸው ሕመምተኞች ለ18 ወር ምግባቸውን መጥነው ሰውነታቸውንም ሲያንቀሳቅሱ በአማካይ 10 ኪሎ ያህል ቀንሰው፣ ሕመማቸው በግማሽ ገደማ ቀለለላቸው።

«እኛ ጾመኞች ነን፤ ከየት መጥቶ እንወፍራለን?» የሚል አይጠፋም። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ ከእንጀራ የምናገኘው 1 ግራም ስታርች 4 ብቻ ነው። ሽሮው በዘይት ከተንሳፈፈ፣ ሻዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር ካለበት፣ ጾሙ ለነፍስ እንጂ ለጉልበት አልሆነም።

ስለዚህ በቤታችን ዘይቱ በማንኪያ እየተለካ ይገባ ጀመር። እንጀራው ቀነሰ፤ ጎመኑ በዛ። ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ እንዳይከሳም ምስር፣ አተርና ባቄላ አልተውንም፤ በፍስኩ እንቁላልና ዓሣ ጨመርን። በየቀኑም እንደ አቅማችን በእግራችን ሄድን። በ9 ወር 6 ኪሎ ቀነስን። መቸኮል አያስፈልግም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ደግሞም የማስታገሻ ኪኒን እንደ ቆሎ የምንቅም አለን። ጨጓራን ያቆስላል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ጉልበቱ በድንገት ያበጠ፣ የጋለ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ይታከም።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በለቅሶ ቤት ጎመንና ውኃ ከወጡ እኩል ይቅረብ፤ «በሞቴ!» እየተባለ በግድ ማጉረስም ይቅር። ለእኛም ከአግዳሚው ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይዘጋጅልን።

ጉልበታችን አልዳነም፤ ዛሬም ያመናል። ነገር ግን ባለፈው ወር አንዲት እናታችንን ስንሸኝ፣ በከዘራም ቢሆን እስከ መቃብሯ ደርሰን አፈር አልብሰን ተመለስን።

እግዚአብሔር ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን።